የተሸፈነው ጉበን

አንድ የቆየ ልማድ የነበራት ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳው ቆሞ፣ መቃኑ ተተክሎ፣ ከበሩ በላይ የሚጋደመው ጉበን ሲሰቀል ሥራውን ያቆማል። ጎረቤት ይጠራል። ባለቤቱ መድረኩ ላይ ይቆምና የሚኖርለትን ቃል በገዛ አፉ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጸሐፊዋ ቃሉን በከሰል ጉበኑ ላይ ትጽፈዋለች፤ አናጢው ደግሞ ከሰሉን ተከትሎ በመሮ ይቀርጸዋል። ጣራው የሚከደነው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ ስለ ሀብትም ስለ ዘርም አይናገርም። ሰውየው ለምን እንደሚኖር ብቻ ይናገራል። ርዝመቱም አንድ መስመር ነው፤ ጉበን ከዚያ በላይ አይችልም።

ባለቤቱ ጠዋት ሲወጣ በቃሉ ሥር ያልፋል፤ ማታ ሲገባም በቃሉ ሥር ያልፋል። መስከረም ሲጠባ ጎረቤት በየደጁ እየዞረ፣ "ቃልህ እንዴት ከረመ?" ብሎ ይጠይቃል። እንደ ቃሉ የኖረ ሰው፣ "ቆሟል" ይላል። ያልሆነለት፣ "ዘሟል፣ ግን አልወደቀም" ይላል። የሚዋሽ እምብዛም አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያይ የከረመውን ጎረቤት ማን ይዋሻል?

ቃሉ ያልመጣለት ሰው ጉበኑን በአቡጀዲ ሸፍኖ ጣራውን ይከድናል። ይህም ነውር አልነበረም። አንድ ክረምት ያስብበታል፣ ቢብስ ሌላ ክረምት ይጨምራል፣ ከዚያ አቡጀዲው ይወርዳል። በከተማዋ ተሸፍኖ የቀረው ጉበን አንድ ብቻ ነበር። እሱም የጸሐፊዋ የአስካለ ነው።

አስካለ በልጅነቷ ሩቅ አገር ሄዳ የተማረች፣ ፊደል የሚቆጥር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን መጻፍ የምታውቅ ሴት ነበረች። ዓይነ አፋርም ነበረች። ሰው ፊት ስትቆም ሻሿን ወደ ግንባሯ ትስባለች፤ ስትናገር መሬት መሬት ታያለች። ሰው ግን ይወዳት ነበር፤ ቃሉ የጠፋበት ሁሉ አጠገቧ ሲቀመጥ ቃሉን ያገኘዋል። አንድ ጥያቄ ነበረቻት።

አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ቤት ሠርቶ መድረኩ ላይ ቆመና፣ "ሁሉን እበልጣለሁ ብለሽ ጻፊልኝ" አላት።

"ማታ ደክሞህ ስትመጣ፣ ገበያው ቢቀናህም ባይቀናህም፣ በዚህ ቃል ሥር ሳታፍር ማለፍ ትችላለህ?" አለችው።

"ባልችል ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ!"

ሰው ሳቀ። አስካለ ግን ቀስ ብላ፣ "ዕድሜ ልክ ጎንበስ ብሎ መግባት ወገብ ይጎዳል" አለች።

ነጋዴው ሳቁን ተወና ጉበኑን ቀና ብሎ አየው። ቆይቶ፣ "በሚዛኔ ማንንም አላስለቅስም፣ እሱን ጻፊልኝ" አላት። ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ሚዛኑ አልታማም።

ሌላ ጊዜ አንዲት መበለት፣ "ልጆቼን ሳልቆጣ አሳድጋለሁ" ስትል ከኋላ አንድ ሰው፣ "ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሰፈሩን የቀሰቀሰው ማን ነበር?" ብሎ ጮኸ። "እሱ እኮ ከቃሉ በፊት ነው!" አለች መበለቲቱ። አስካለም ከሻሿ ሥር ሆና ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስም ጻፈችላት።

የራሷን ጉበን በተመለከተ ከተማው የራሱ ግምት ነበረው። "የቅዱሳን ቃል ነው፣ ለእኛ ዓይን አይሆንም" የሚሉ ነበሩ። "ለብቻዋ ቀርጻ ጨርሳዋለች፤ ትሕትናዋ ነው የሸፈነው" የሚሉም ነበሩ። መስከረም ሲጠባ ጎረቤት ደጇ መጥቶ፣ "እትዬ አስካለ፣ ቃልዎ እንዴት ከረመ?" ይላታል። እሷም፣ "ተሸፍኖ ከረመ" ትላለች። ሰው ይህን መልስ እንደ ጥበብ ወስዶ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። እሷ ትገባና በሩን ትዘጋለች።

እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከአቡጀዲው ሥር ምንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለ ቤቷን የሠራች ጊዜ ወጣት ነበረች፤ ቃሏንም ታውቀው ነበር። ከተማረችበት አገር ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ይዛው የመጣችው ቃል ነው። ለዚሁ ብላ የፊተኛውን ክፍል ሰፊ አድርጋ አሠራችው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ዝቅ ያለ መደብ አስመረገችበት፤ ልጅ ሲቀመጥበት እግሩ መሬት እንዲደርስ ብላ። ቃሏ፣ "በሬን ለሚያንኳኳ ልጅ እከፍታለሁ፤ የማውቀውን አልደብቅም" የሚል ነበር። ፊደል ልታስተምር ነበር ያሰበችው።

በዚያ ቀን መድረኩ ላይ ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል ቢተው የሚባል ጨዋታ አዋቂ ጎረምሳ ከሰዉ መሃል፣ "የተማረች ናት፣ ሌላ ጉበን ጨምሩ፤ ይኼ አይበቃትም!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ በሁሉም ሰው ቀን እንዲህ ይሳቃል። አስካለ ግን የተሰበሰበውን ዓይን ሁሉ አየችና ቃሏ በድንገት አነሰባት። "ይህን ያህል ዓመት ተምራ ለዚህ ነው ወይ? ይሉኛል" ብላ አሰበች። ፊቷ ጋለ፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

"ገና ነው" አለች። አቡጀዲው ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ቃል ፍለጋ ጀመረች። የተማረ ሰው ስሕተት ነው፤ ብዙ የሚያምር ቃል ታውቅ ስለነበር አንዱም አይበቃትም። የሰው ቃል እየጻፈች በመጣች ቁጥር የራሷ ይበልጥ እያነሰባት ሄደ። በየዓመቱ አዲስ አቡጀዲ ትሰቅላለች። አሮጌውን አውርዳ አይደለም፤ ባዶውን እንጨት ማየት ስለምታፍር በአሮጌው ላይ አዲሱን ትደርባለች። ሰፊው ክፍል ሥራ ፈታ። መጀመሪያ አንድ ጆንያ ጤፍ አስቀመጠችበት፤ ቀጥሎ ሽንኩርት አሰጣችበት፤ በመጨረሻ ዕቃ ቤት ሆነ።

በዚያ ዘመን ፋንታነሽ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከምድጃ የለቀመችውን ከሰል በመዳፏ ይዛ መጣችና በሩን አንኳኳች።

"እትዬ፣ መጻፍ ያስተምሩኝ።"

አስካለ ልቧ ዘለለ። ክፍሉን ዞር ብላ አየችው፤ ጆንያውን፣ ሽንኩርቱን። ከዚያም ጉበኑን አሰበች። ቃሏን ሳትናገር ቃሏን መኖር ሰው ፊት ዕርቃኗን መቆም መሰላት።

"ጉበኔ ሲገለጥ ነይ" አለቻት።

ልጅቷ አመነቻት። መስከረም በመጣ ቁጥር ከደጁ ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ አቡጀዲው መውረዱን ታያለች። አልወረደም። ትሄዳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አደገችና ለቆላ ሰው ተዳረች፤ ሄደች።

ዓመታት አለፉ። የአስካለ ጸጉር ነጣ፤ ዓይኗም ደከመ፤ ከሰሉን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከደጅ የቆመችው ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። አስካለ ወዲያው አላወቀቻትም፤ ያወቀቻት ሴትዮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ አቡጀዲውን ስታይ ነው።

"ፋንታነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ተመለስኩ።"

አስገባቻት፤ ቆሎ አቀረበችላት። ፋንታነሽ ቆሎውን በቀሚሷ ጉያ ተቀብላ ሳትቀምሰው ተቀመጠች። ባሏ ትቷት ሌላ አገር እንደ ሄደ፣ የአባቷ ቦታ ላይ በደቦ ቤት እየተሠራላት እንደሆነ፣ ጉበኑም ነገ እንደሚሰቀል ነገረቻት።

"ቃልሽን አሰብሽ?" አለች አስካለ።

"አስቤያለሁ። እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።" ፋንታነሽ ጉያዋ ላይ ያለውን ቆሎ በጣቷ ነካካች። "ቆላ እያለን ልጅ ነበረችኝ። ከመንደሩ ራቅ ብሎ አንድ የውኃ ጉድጓድ አለ። አጠገቡ ጣውላ ተተክሏል፤ ጣውላው ላይ ጽሑፍ አለ። እኔ የቦታው ባለቤት ምልክት መስሎኝ ነበር። ቀዳሁ። ልጄ ጠማኝ አለች፤ ሰጠኋት።"

አስካለ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ጣውላውን ያነበበልኝ መንገደኛ ነው፤ ከቀብር ስንመለስ። ውኃው ተበላሽቷል፣ እንዳትጠጡ ነው የሚለው።" ፋንታነሽ አላለቀሰችም፤ ዕንባዋ ከብዙ ጊዜ በፊት አልቋል። "እውነቱን ልንገርዎ፣ እትዬ፣ ያን ጊዜ ረገምኩዎ። ቢያስተምሩኝ ኖሮ አልኩ። ኋላ ግን አሰብኩት። እትዬ አስካለ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን ከደጅ የመለሰኝ ቃል ትልቅ ቃል ቢሆን ነው። ከእኔም ከልጄም የሚበልጥ ነገር ይዘው ቢሆን ነው። ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። እስከ ዛሬም ያቆመኝ ይኸው ነው። ስለዚህ ያንኑ ቃል እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ አይንገሩኝ፤ የእርስዎን ቃል ነገ በእኔም ጉበን ላይ ይጻፉልኝ።"

ፋንታነሽ ማንበብ አትችልም። አስካለ አንድ የሚያምር መስመር ከአእምሮዋ አውጥታ ብትጽፍላት ማንም አያውቅባትም፤ እንዲህ ያለ መስመር መፍጠር ደግሞ ምኗም አልነበረም። ምስኪኗን ከነመጽናኛዋ ትሸኛታለች፤ የራሷም ክብር ይተርፋል። ደግነትም ይመስላል። አስካለ ይህን ሁሉ አሰበች። በኋላ ግን ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ማታ ደክሟት ስትመጣ በውሸት ሥር ስታልፍ ታያት።

"ፋንታነሽ" አለች። "ሥሩ ባዶ ነው።"

"የምኑ?"

"የአቡጀዲው። ምንም የለበትም። ኖሮም አያውቅም።"

"ይቀልዳሉ እንዴ?"

"ቀልድ አላውቅበትም፣ ልጄ።"

ፋንታነሽ ትክ ብላ አየቻት። "ታዲያ እኔን ምን ብለው መለሱኝ?"

"ፈርቼ።"

"ምኑን?"

አስካለ ሻሿን ልትስብ እጇን አነሳችና ተወችው። "ሰው እንዳይስቅብኝ።"

"ሰው እንዳይስቅብዎ" አለች ፋንታነሽ፤ ቃሉን ለመልመድ እንደሚሞክር ሰው ደግማ አለችው። ተነሳች። ጉያዋ ላይ የነበረው ቆሎ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሳትሰናበት ወጣች። አስካለ መሬት ላይ ተንበርክካ ቆሎውን አንድ በአንድ ስትለቅም ረፈደ፤ ዓይኗ ስለማያይላት በእጇ እየዳበሰች ነው የለቀመችው።

በማግስቱ ጎረቤት በፋንታነሽ ቤት ተሰበሰበ። ጉበኑ ተሰቀለ። አናጢው አያ ደምለው መሮውን ስሎ ቆመ። ፋንታነሽ መድረኩ ላይ ወጣች።

"በይ እንግዲህ፣ ቃልሽን አሰሚን" አሏት።

"የለኝም" አለች። "ትናንት ነበረኝ። ዛሬ የለኝም።"

ሰው አጉረመረመ፤ አንዷ ዘመዷ አቡጀዲ ልታመጣ ተነሳች። ይህን ጊዜ አስካለ ከኋላ ወደ ፊት መጣች። ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋችው። በከተማዋ ግንባሯን ያየ ሰው ያን ቀን ነው ያየው።

"አቡጀዲ አትስቀሉባት" አለች። "መጀመሪያ የእኔን አውርዱልኝ።"

ሰዉ ሁሉ ተከትሏት ሄደ። አንዳንዶች ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለብዙ ዘመን የገመቱትን ቃል ሊያዩ ነው። አያ ደምለው መሰላል አቁሞ ወጣ። የላይኛው አቡጀዲ ነጭ ነበር። ከሥሩ ሌላ ወጣ፤ ሌላም፤ ሌላም፤ እየወረዱ በሄዱ ቁጥር እየጠቆሩ፣ እየሳሱ ሄዱ። የመጨረሻው በእጁ ሲነካው እንደ አመድ ተበተነ። ቀጥሎ የታየው ባዶ እንጨት ነው። አንድ ፊደል የለበትም።

ሰዉ ከእንጨቱ ዓይኑን አንስቶ ወደ አስካለ ዞረ።

"ቃል ነበረኝ" አለች አስካለ። መቃኑን ያዘች። "አልተናገርኩትም። አነሰብኝና ደበቅሁት። እናንተ ደጄ መጥታችሁ ስትጠይቁኝ 'ተሸፍኖ ከረመ' እያልሁ አታለልኋችሁ። ማንንም ያልጎዳ ዝምታ መስሎኝ ነበር። ዝምታዬ ግን የሰው ልጅ ላይ ደርሷል።" ፋንታነሽን አየቻት፤ ዓይኗንም አልሰበረችም።

አያ ቢተው፣ ያ የጥንቱ ጎረምሳ፣ አሁን በምርኩዝ የቆመ ሽማግሌ ነበር። ወደ ፊት ጠጋ አለ። "አስኩ፣ ያን ቀን የቀለድሁት ቀልድ ነው እንዴ? እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ?"

"አይደለህም፣ ወንድሜ። ቀልድ በር አይዘጋም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ዛሬ ተናገሪው" አላት። "የሚስቅ ካለ በዚህ ምርኩዝ አናቱን እለዋለሁ።"

አስካለ መድረኩ ላይ ቆመች። "በሬን ለሚያንኳኳ ልጅ እከፍታለሁ፤ የማውቀውን አልደብቅም" አለች። ማንም አልሳቀም። አንዲት እናት ብቻ፣ "የሸፈኑት ይህን ነው? እንዲህ ያለ ደግ ቃል?" ብላ በሹክሹክታ ተናገረች፤ አስካለ ሰማቻት። ከሳቅ ሁሉ የባሰ ይህ ጎዳት።

ቃሉን በከሰል ጻፈችው። አያ ደምለው መሮውን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳርፎ በመዶሻ መታ አደረገ። መሮው ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ደግሞ መታ፤ ከእንጨቱ ዱቄት ፈሰሰ። ጨርቁ የክረምቱን እርጥበት ይዞ፣ ምስጥ ከሥሩ ዘመኑን ሙሉ ሲበላው ኖሯል። አያ ደምለው መሮውን አወጣና ዱቄቱን ጠረገለት።

"እትዬ" አለ፤ ወደ ታች ሳያይ። "ይህ እንጨት ቃል አይይዝም። ውጪው ነው የቀረው።"

"ጉበኑ ቢቀየርስ?" አለ አንዱ።

"ጣራው መፍረስ አለበት። ግድግዳውም አብሮ አርጅቷል፤ ጣራውን ሲያነሱበት አይቆምም።"

አስካለ ራሷን ነቀነቀች። እንደዚያ እንደሚሆን አስቀድማ ያወቀች ትመስል ነበር።

ይህን ጊዜ ፋንታነሽ ከሰዉ ዳር ሆና ተናገረች። "በእኔ ጉበን ላይ ይቀረጽ።"

ሁሉም ዞረ።

"ይቅር አላልኩዎም፣ እትዬ" አለች። "ዛሬ አልችልም፤ ጊዜ ይስጡኝ። ቃሉ ግን ደግ ቃል ነው። ሜዳ ላይ አይቀርም። የእኔ እንጨት አዲስ ነው።"

እንዲህም ሆነ። የአስካለ ቃል በፋንታነሽ ጉበን ላይ ተቀረጸ። ጣራው ተከደነ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አስካለ በምርኩዝ እየተደገፈች ወደ ፋንታነሽ ቤት ትመጣለች። ሰኔ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ፋንታነሽ መደብ ላይ ትቀመጣለች፤ የሰፈሩ ልጆችም አጠገቧ ይደረደራሉ። አስካለ ዓይኗ ስለደከመ ፊደሉን በከሰል ግድግዳው ላይ የክንድ ያህል አድርጋ ትጽፋለች። ከሀ ጀመሩ። ፋንታነሽ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር እያምታታች ራሷን ስትነቅፍ አስካለ፣ "ቀስ በይ፣ ፊደል አይሸሽም" ትላታለች። የሚሸሽ ነገር ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እንዲህ ሲሉ ነሐሴ አጋመሰ። አስካለን ብርድ መታት። ሳል ጀመራት፤ ሆኖም መምጣቷን አልተወችም። ነ ላይ በደረሱበት ቀን ነን፣ ኑን፣ ኒን አስቆጥራ እስከ መጨረሻው ጻፈችላቸውና መደቡ ላይ አረፍ አለች። ፊቷ ገርጥቷል።

"ነገ እንቀጥላለን" አለች።

የገዛ ቃሏን ሰምታ ደነገጠች። "አይደለም፣ አይደለም። አሁን" ብላ ከሰሉን ልታነሳ ጎንበስ አለች። እጇ አልታዘዘላትም። ከሰሉ ከጣቶቿ መሃል ወደቀ። ፋንታነሽ ደግፋ መደቡ ላይ አስተኛቻት፤ ልጆቹ ጎረቤት ሊጠሩ ሮጡ።

ፋንታነሽ የአስካለን እጅ ያዘች። እጁ ቀዝቅዞ ነበር። "እትዬ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አለቻት። "ከብዙ ቀን በፊት ይቅር ብያለሁ፤ ሳልነግርዎ ነው የቆየሁት። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል።" አስካለ ሰማች፣ አልሰማች፣ አይታወቅም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ፋንታነሽ ያን ቀን፣ አልቆ የነበረው ዕንባ መጣላት።

መስከረም ጠባ። ጎረቤት በየደጁ እየዞረ ከፋንታነሽ ቤት ደረሰ።

"ፋንታነሽ፣ ቃልሽ እንዴት ከረመ?"

ፋንታነሽ ወጥታ ከጉበኑ ሥር ቆመች። ቀና ብላ በጣቷ እየጠቆመች ማንበብ ጀመረች፤ በቃሏ አይደለም፣ በዓይኗ። "በ… ሬ… ን… ለ… ሚ…" አለችና ቆመች። ቀጥሎ ያለውን ፊደል አታውቀውም። እትዬ አስካለ እዚያ ድረስ አላደረሰቻትም። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አያ ቢተው ምርኩዙን አገጩ ሥር አድርጎ አለቀሰ።

"ዘሟል፣ ግን አልወደቀም" አለች ፋንታነሽ።

ከኋላዋ በሩ ክፍት ነበር። መደቡ ላይ ከእሷ ያነሱ ልጆች ከሀ እስከ ነ ያለውን በዜማ ይቆጥራሉ፤ የምታውቀውን አልደበቀችም። ሰው "ግማሽ ትምህርት ቤት" እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅና፣ "የቀረውን የሚያውቅ መንገደኛ ካያችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ" ትላለች። በሩንም አትዘጋውም።

ወዳጆቼ፣ የምንኖርለትን ቃል አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። የሚጎድለን ቃሉ አይደለም፤ ትንሽ መስሎን እንሸፍነዋለን፤ እስኪያምር፣ እስኪተልቅ፣ ሰው እስኪያደንቀው እንጠብቃለን። በየዓመቱም በአሮጌው ሽፋን ላይ አዲስ እንደርባለን። እንጨቱ ግን አይጠብቀንም። ደጃችን መጥቶ የሚያንኳኳውም እንዲሁ፤ ቃላችን የእኛ ብቻ መስሎን ስንደብቀው፣ በዚያ ቃል ሊድን የነበረ ሰው በማናውቀው ቆላ ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ቃላችሁን ዛሬ ጻፉት። በከሰልም ይሁን፣ ቢያስቅም ይሁን፣ አንድ መስመር ይበቃል።

ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ በየትኛው ቃል ሥር ታልፋላችሁ? ተሸፍኖ ከሆነስ፣ ከጨርቁ ሥር ያለው እንጨት አሁንም መሮ እንደሚችል በምን ታውቃላችሁ?